ወፍጮው ቆመ፣ ወንዙ ግን አልቆመም

አጎቴ ጥያቄውን ያነሳው ባለፈው መጋቢት፣ የአያቴን ቤት ጣሪያ ለማሳደስ ጎጃም በሄድኩ ጊዜ ነው። ማታ ነበር። እራት በልተናል። የሶላር መብራቷ እየደከመች ነው፤ የኔ ስልክ ባትሪም አራት ፐርሰንት ላይ ደርሷል። ከቤቱ በታች ወንዙ ይሰማል። መንደራችን ጮቄ ተራራ ሥር ናት። ከተራራው የሚወርደው ጅረት ብዙ ስለሆነ እዚያ ያደገ ሰው የውኃውን ድምፅ ልብም አይለው።

በመንደራችን አናት ላይ ትልልቅ የብረት ምሰሶዎች የተሸከሙት የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። ያልፋል ብቻ። የሚሄደው ወደ ከተማ ነው። ለኛ "በሚቀጥለው ዓመት ይገባላችኋል" ከተባለ ስንት ዓመት እንደሆነው አጎቴ መቁጠር ትቷል።

"አንተ የተማርክ ነህ" አለኝ። "ይሄ ወንዝ ሌት ተቀን ሲጮኽ ይውላል፣ ሲጮኽ ያድራል። አንድ አምፖል ማብራት ያቅተዋል?"

እውነቱን ለመናገር እኔ የተማርኩት ታሪክ ነው። ኢንጂነር ብሆን ኖሮ እዚያው ወረቀት አውጥቼ በቁጥር እመልስለት ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ስመለስ በማውቀው መንገድ ገባሁበት፤ ከኛ በፊት ወንዝን ሊያሠሩ የሞከሩ ሰዎች ምን ገጠማቸው የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

የመጀመሪያው ታሪክ ስለ መብራት አይደለም፤ ስለ ዱቄት ነው።

ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለአዳዲስ የእጅ ሙያ ጉጉ ነበሩ። በዘመናቸው አንኮበር የደረሱ አውሮፓውያን እንደጻፉት፣ ድሜጥሮስ የሚባል አርመናዊ ለንጉሡ የውኃ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር። ወፍጮው ይፈጫል። ችግር የለበትም። ካህናቱ ግን ሰው ሳይገፋው የሚዞር ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮውም ተተወ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። እኔ ግን ሳነበው መጀመሪያ የመጡብኝ ሴቶቹ ናቸው። በዚያ ዘመን የእያንዳንዱ ቤት ዱቄት የሚወጣው በሴት ጉልበት ነው። ተንበርክኮ፣ መጁን ይዞ፣ ከንጋት በፊት ጀምሮ። ወፍጮው ይቁም አይቁም ሲባል መጅ የሚገፉት ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። አልተጠየቁም።

የኛም መንደር የውኃ ወፍጮ ነበራት። ፍርስራሹ ከአያቴ ቤት ቁልቁል አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ቦዩ አለ፣ የወፍጮው ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ሣር በቅሎበት ተጋድሟል፤ እንጨት የነበረው ሁሉ በስብሷል። አያቴ ልጅ ሳለች እህል ተሸክማ እየወረደች፣ ወረፋ እየጠበቀች ታስፈጭበት ነበር። ታዲያ ገበያው ዘንድ የናፍጣ ወፍጮ መጣና ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ቦዩን የሚጠርግ ጠፋ። አንድ ክረምት ጎርፍ መቀልበሻውን ይዞት ሄደ፤ መልሶ የሠራው የለም።

አንኮበር ላይ ወፍጮውን ያቆመው ፍርሃት ነው። የኛን ያቆመው ናፍጣ ነው። በሁለቱም ቦታ ውኃው አሁንም ይወርዳል።

*

መብራት የገባው ከላይ ነው፤ ከቤተ መንግሥት። የመብራት ኃይል የራሱ ታሪክ እንደሚነግረን በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ገደማ፣ ቤተ መንግሥቱን ለማብራት ጄኔሬተር ተተከለ። በ1912 ደግሞ አቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ጥቂት ፋብሪካዎችን አንቀሳቀሰ፤ ቆይቶም መብራቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወዳሉ ዋና ዋና መንገዶች ወጣ።

እዚህ ጋ ሌላ አገር ላስገባ፤ ኋላ ስለምፈልገው ነው። ኔፓል። እንደኛ ተራራማ፣ እንደኛ በንጉሥ የምትተዳደር፣ እንደኛ በቅኝ ግዛት ያልተያዘች አገር ነበረች። ከአቃቂ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1911፣ ካትማንዱ አጠገብ ፋርፒንግ በሚባል ቦታ 500 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። እዚያም መብራቱ የበራው ለገዢዎቹ ቤተ መንግሥት ነው። ሁለት የተራራ መንግሥታት በአንድ ዓመት ልዩነት ወንዛቸውን ወደ ሽቦ አስገቡ፤ በሁለቱም አገር ገበሬው በጨለማ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ።

የኛን ስከተል አባ ሳሙኤል ላይ ደረስኩ። ከአዲስ አበባ በታች፣ ያው አቃቂ ወንዝ ላይ፣ በ1930ዎቹ የተሠራ ግድብ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። በትልልቆቹ ግድቦች ዓይን ሲታይ ትንሽ ነው። በዚያ ዘመን ግን ለከተማው ትልቅ ነገር ነበር። በ1970ዎቹ ሥራ አቁሟል። ለምን? ወንዙ ደርቆ አይደለም። ደለል ሞላው፤ የሚጠግነውም ታጣ። ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ሐይቁን በከለው፣ እምቦጭ አለበሰው። ማሽኖቹ ለአሥርተ ዓመታት ዝም ብለው ቆዩ፤ በመጨረሻ በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ።

አባ ሳሙኤል የተረሳው ሌላ ነገር ስለመጣ ጭምር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1956 ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬ አፋችን ላይ የቀረው "መብራት ኃይል" የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የትልልቅ ግድብ ታሪክ ነው። ቆቃ በ1960፣ 43 ሜጋ ዋት። ጥስ ዓባይ በ1964። ፊንጫ በ1973፣ 100 ሜጋ ዋት። መልካ ዋከና በ1988፣ 153 ሜጋ ዋት። እንዲህ እያለ ዘለቀና በመስከረም 2025 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ላይ ደረሰ።

እነዚህን ግድቦች ላጣጥል አልመጣሁም። እኔ ራሴ ለሕዳሴ ቦንድ ከገዙት አንዱ ነኝ፤ የተመረቀ ቀንም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህን ሁሉ አመንጭተንም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ቤቱ መብራት የለም። ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ያንን ኃይል ተራራ ወጥቶ ሸለቆ ወርዶ ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ደጃፍ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ ይፈልጋል። እንደኛ ጎጥ ሃምሳ ቤት ላለበት ቦታ ይህ ሁሉ ወጪ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ወረፋው ረጅም ነው።

*

ትንንሽ ጣቢያዎች አልተሞከሩም እንዳይባል፣ ተሞክረዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከብሔራዊው መስመር ተለይተው ለአካባቢያቸው ብቻ የሚያመነጩ ጣቢያዎች ተሠርተዋል። ኢሉባቦር መቱ አጠገብ ሶር፣ 5 ሜጋ ዋት። በደቡብ ምዕራብ ደምቢ፣ 800 ኪሎ ዋት። ባሌ ውስጥ ዶሎ መና አጠገብ ያዶት፣ 350 ኪሎ ዋት። እነዚህም ቢሆኑ ለከተሞች ነበሩ፤ ባለቤታቸውም መሥሪያ ቤቱ ነው።

ወደ መንደር የወረደ ሙከራ ያገኘሁት ሲዳማ ነው። ከ2010 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ አራት ጥቃቅን ጣቢያዎች ተገነቡ። የመጀመሪያው ጎበቾ 7 ኪሎ ዋት ብቻ ነበር። ከዚያ ሁለተኛው ጎበቾ፣ ኤረርቴና ሀገራ ሶዲቻ ከ30 እስከ 55 ኪሎ ዋት ባለው መጠን ተከተሉ። ልብ የሚያስደርገው መጠናቸው አይደለም። ባለቤትነታቸው ነው። የየአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ እንዲያስተዳድራቸው ታስቦ የተሠሩ ናቸው።

ይህ ሐሳብ ደግሞ ወደ ኔፓል ይመልሰኛል።

ኔፓላውያን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ከወፍጮ ጀመሩ። ካትማንዱ ባላጁ የሚባል ሰፈርና ቡትዋል ከተማ ውስጥ የነበሩ የብረታ ብረት ወርክሾፖች፣ በስዊዘርላንድና በኖርዌይ ባለሙያዎች እየታገዙ፣ ክሮስፍሎው የሚባለውን ተርባይን እዚያው መሥራት ጀመሩ። ይህ ተርባይን የረቀቀ ነገር አይደለም። ሁለት ክብ የብረት ሳህኖች፣ በመካከላቸው ከቧንቧ እንደ ቅርፊት ተሰንጥቀው የተበየዱ ምላሶች። ውኃው በአንድ ጎን ይገባል፣ ምላሶቹን ሁለት ጊዜ ገፍቶ በሌላው ጎን ይወጣል። በር የሚበይድ ጥሩ ብየዳ ሠራተኛ ልኩ ከተሰጠው ይሠራዋል።

ገበሬው ተርባይኑን የገዛው ለመብራት ብሎ አልነበረም። እህል ለማስፈጨት፣ ሩዝ ለመፈልፈል፣ ዘይት ለመጭመቅ ነው፤ ከባንክ ብድር ወስዶ ከወፍጮው ገቢ ይከፍላል። ቀን ወፍጮ የሚያዞረው ተርባይን ማታ ሥራ ፈት ነው። አንድ ትንሽ ጄኔሬተር በቀበቶ ሲያያዝበት ማታ ማታ መንደሩ በራ። በ1980ዎቹ አጋማሽ መንግሥት እስከ 100 ኪሎ ዋት ለሚደርስ ጣቢያ ፈቃድ አያስፈልግም አለ፤ ድጎማም ጨመረ። ዛሬ በኔፓል ተራሮች ላይ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጣቢያዎች በሺዎች ይቆጠራሉ።

የኛ ወፍጮ ለናፍጣ ቦታውን ለቀቀ። የነሱ ወፍጮ መብራት ወለደ። ልዩነቱን ያመጣው የወንዝ ብዛት አይመስለኝም። እዚያ ተርባይኑን የሚሠራ ወርክሾፕ፣ የሚያበድር ባንክና መንገዱን የሚለቅ ሕግ በአንድ ዘመን ተገጣጠሙ።

*

ይህን ሁሉ አንብቤ በሚያዝያ ተመልሼ ሄድኩ። ውኃ ሲለካ በድርቁ ወር ነው፤ በነሐሴ የለካ ሰው ራሱን ያታልላል።

አጎቴ፣ ሁለቱ ልጆቹና እኔ የወፍጮውን አሮጌ ቦይ ጠርገን ውኃ ለቀቅንበት። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከዚያ ቀጥ ያለ ቦታ መርጠን አሥር ሜትር ለካን፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጣልንና በስልክ ሰዓት ያዝን። ሃያ ሰከንድ። ደጋገምነው፤ ያው ሃያ ገደማ ነው። የቦዩ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 25። ውኃ ከላይ ይፈጥናል፣ ከሥርና ከዳር ይዘገያል፤ ስለዚህ ከተገኘው ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀነሳል። በሰከንድ 50 ሊትር ገደማ መጣ። ከቦዩ ጫፍ እስከ ወፍጮው ወለል ያለውን ቁልቁለት ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውኃ በተሞላ ላስቲክ ለካነው፤ ስምንት ሜትር።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሊትሩን በሜትሩ አባዙ፣ በአሥር ገደማ አባዙ፤ የምታገኙት ዋት ነው። 50 በ8፣ 400፤ በአሥር፣ 4,000 ዋት። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ቧንቧው፣ ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ይበሉታል። 2 ኪሎ ዋት ይቀራል።

ማታ ለቤተሰቡ ነገርኳቸው። ለአንድ ቤት ሦስት ባለ 10 ዋት አምፖል ብናስብ 30 ዋት ነው። ሃምሳው ቤት በሙሉ ይበራል፤ ስልክ መሙያም ይተርፈናል። የአጎቴ ልጆች አጨበጨቡ።

አያቴ ግን ዝም ብላ ቆየችና "እንጀራስ?" አለች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። አንድ ምጣድ። የመንደሩ ወንዝ በሙሉ፣ ሃምሳው ቤት አምፖሉን አጥፍቶ ቢጠብቅ እንኳ፣ የአንዲት ሴትን ምጣድ አያግልም። ይህን ስነግራት አያቴ ከት ብላ ሳቀች። "እንግዲያው ጭሱ ከኔው ጋር ነው በለኛ።" ሳቋ ውስጥ ቅሬታ ነበረ። ልክም ነች። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ወንዝን ስናሠራ ቆይተን፣ የሴቷ ሥራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው። ሰው ትንሽ የውኃ ኃይል ሁሉን ይፈታል ብሎ ሲነግራችሁ አያቴን አስታውሱ። የሚችለው አለ፣ የማይችለው አለ፤ የማይችለውን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል።

መናገር ብቻም አይደለም። በእንዲህ ያለ ጣቢያ አንድ ጎረቤት ተደብቆ ምድጃ ቢሰካ የሁሉም መብራት ይወርዳል። ለዚህ ነው በኔፓል መንደሮች ሰው በቆጣሪ ፈንታ በተመዘገበበት ዋት የሚከፍለው፤ ከተመደበለት በላይ ሲወስድ የሚያቋርጥ ትንሽ መቆጣጠሪያ በየቤቱ ይገባል። ሰው ተኝቶ አምፖል ሲያጠፋ የሚተርፈው ኃይል ደግሞ ወደ ውኃ ማሞቂያ እንዲሄድ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ተርባይኑ ሸክሙ ቀሎት ያለ ልክ ይፈጥናል። የቧንቧው አፍ ላይ ያለው ወንፊት በየቀኑ ከቅጠል መጠረግ አለበት። ደለሉ በየሳምንቱ ይለቀቃል። ክረምት መቀልበሻውን ያፈርሳል፤ መስከረም ላይ መልሶ መሥራት ነው።

ይህን ስዘረዝር አጎቴ አቋረጠኝ። "ይሄማ የውኃ አባት ሥራ ነው።"

የውኃ አባት ማለት በመስኖ አገር ተራ የሚያስጠብቅ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ሰርቆ ያጠጣውን የሚያስቀጣ፣ በሰው የተመረጠ ሽማግሌ ነው። መጽሐፍ ውስጥ "የማኅበረሰብ አስተዳደር" እየተባለ ብዙ ገጽ የተጻፈበትን ነገር አጎቴ በሁለት ቃል ጨረሰው። ወንዙን ለመስኖ የሚያካፍል ሥርዓት ካለ፣ ለመብራትም ማካፈል ይችላል። ተርባይን ውኃውን አይጠጣውም፤ ከመስኖው መጥለፊያ በላይ ወደ ወንዙ ከተመለሰ ማንም አይጎዳም።

*

ቀላሉ ጥያቄ ይህ ነበር። ከባዱን ያነሳው የአጎቴ ትልቁ ልጅ ነው።

"ብራችንን አዋጥተን ሠርተነው በሚቀጥለው ዓመት ትልቁ መስመር ቢገባስ?"

ይህን ጥያቄ የፈራሁት መልሱን ስለማውቀው ነው። በብዙ አገር ትንንሽ ጣቢያዎችን የገደለው የትልቁ መስመር መምጣት ነው። ኔፓልም አላመለጠችም፤ ብሔራዊው መስመር በደረሰበት ብዙ ጣቢያ ተዘግቷል። አንድ የተለየ ነገር ግን ተሞክሯል። በጥር 2018 ኑዋኮት ውስጥ ስያውሬቡሚ የምትባል 23 ኪሎ ዋት ጣቢያ ከመዘጋት ይልቅ ከብሔራዊው መስመር ጋር ተገናኘች። መንደሩ ኃይል ገዢ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሻጭም ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሆን ትልቁ መሥሪያ ቤት የትንሹን ጣቢያ ኃይል ለመግዛት ፈቃደኛ መሆን አለበት። የኛይቱ 2 ኪሎ ዋት ደግሞ ለዚያ እንኳ የምትበቃ አይደለችም።

ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ "አላውቅም" የሚል አልነበረም። መስመሩ የገባ ቀን ተርባይኑን አውልቃችሁ ወፍጮ አድርጉት አልኩት። ኔፓሎች ከወፍጮ ወደ መብራት ሄዱ፤ እኛ ከመብራት ወደ ወፍጮ እንመለሳለን። ትንሽ ወፍጮ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ግን ናፍጣ አይጠይቅም። ዕቃው እንዳይባክን ከመጀመሪያው ሁለቱንም እንዲያዞር አድርጎ ማሠራት ነው።

እውነት ለመናገር እስካሁን ምንም አልተሠራም። የቧንቧውን ዋጋ ጠይቀናል፣ ውድ ነው። ተርባይን ሊሞክር የተስማማ ብየዳ ቤት አግኝተናል፤ ጄኔሬተሩ ከየት እንደሚመጣ አልወሰንም። ይህን የምጽፈው ስለተሳካልን አይደለም።

ከአዲስ አበባ ልነሳ ስል ለአጎቴ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአንኮበር እስከ አባ ሳሙኤል ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነው የሚለው፤ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ማን እንደሚጠርገው ይታወቅ። ብር ከማዋጣታችን በፊት ስም እናዋጣ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ወጥቶ ስልኩን ሲሞላ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። ከላይ "የቦይ ጠረጋ ተራ" ይላል፤ ከሥር በየሳምንቱ የተደለደሉ አሥራ አራት ስሞች አሉ። አጎቴ ራሱ አንደኛ ነው። ሦስቱ ሴቶች ናቸው።

ስድስተኛው ላይ የኔ ስም አለ። ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት ይላል።